የፍራፍሬ ወይን ፓንች በድሬ ሙቀት፦ በረዶው ለምን ይቀድመናል?

መነሻው ጥያቄ

ሰላም ጀመዓ። ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሰፈር ነኝ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የታናሽ እህቴ ቀለበት አለ። ድግሱ ግቢያችን ውስጥ ከዛፉ ሥር ነው፤ 40 ሰው ገደማ ይመጣል። ቢራውም ለስላሳውም እንዳለ ሆኖ፣ እኔ አንድ ትልቅ ዕቃ ሙሉ የፍራፍሬ ወይን ፓንች ማቅረብ ፈልጌያለሁ።

ያለፈውን ዓመት ጉዴን ልናገር። ለልደት ብዬ ስድስት ጠርሙስ ቀይ ወይን ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ገለበጥኩ። ሙዝ፣ ፓፓያና ሎሚ ቆራርጬ ጨመርኩ። ስኳሩን እንዳለ ነሰነስኩበት። ከላይ ሁለት ፌስታል በረዶ። ይህ በ9 ሰዓት ነው። እንግዳው የገባው በ11 ነው። በ11 ሰዓት ድስቱ ውስጥ የቀረው ለብ ያለ ሮዝ ውሃ ነበር። ሙዙ ልጋግ ሆኗል፣ ስኳሩ ከታች ተቀምጧል። አክስቴ አንዴ ተጎነጨችና የሳል ሽሮፕ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ለቀልድ አልነበረም።

ዘንድሮ እንዳልዋረድ ምን ላድርግ?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ድግሱም አለፈ፣ ክሩም (ጥያቄውና ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ) 44 መልስ ደረሰ። ገና አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም አንብቦ አይዘልቀውም። ስለዚህ በተራ ቁጥራቸው እተርክላችኋለሁ፤ ቃል በቃል ግን አልደግምም። አንዳንዱ ቃል ባይደገምም ይሻላል።

1። የመጀመሪያው መልስ ከአዲስ አበባ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው። እህትዎን እንኳን ደስ አላት ብለው ጀመሩና፣ ፍራፍሬው ወይኑ ውስጥ ቢያንስ አራት ሰዓት መዘፍዘፍ እንዳለበት፣ በረዶም መጨረሻ ላይ እንደሚገባ በትሕትና አስረዱ። ከዳር እስከ ዳር አንቱ እያሉኝ።

2 እና 3። ስለ ወይኑ ምንም የለም። ሁለት የድሬ ልጆች ተከታትለው አንቱታውን ያዙት። ድሬ ውስጥ አንቱ የተባለ ሰው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ ነው የሚያየው አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ አያቱን ሳይቀር አንቺ እንደሚል፣ ሸገር ሄዶ በዚህ ምክንያት ከአንድ ሱቅ ተቆጥተው እንዳስወጡት ተረከ። የመጀመሪያው ሰውዬ አልተቀየሙም። በኋላ ተመልሰው ሲጽፉ አንቺ አሉኝ። ደስ አለኝ፣ እውነት።

4። ከውጭ አገር የጻፈች ናት። እዚያ በየሳመሩ እንደምትሠራው፣ ሰኔ ሲገባ ጓደኞቿ ራሳቸው እየደወሉ እንደሚጠይቋት ነገረችን። ሳመር ሳመር ስትል ግን 5ኛው ተነሣባት። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በእኛ ክረምት እንደሆነ፣ ሸገር ያኔ ጋቢ ደርቦ ሽሮ እንደሚበላ አስታወሳት። እሱም ግማሽ ልክ ነው። የድሬ ሙቀት የሚብሰው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። እዚህ ማንም የዘመን መቁጠሪያ አይቶ አይደለም የሚያልበው።

6። ከሳቢያን የድግስ ሥራ የምትሠራ እህት ናት። የክሩ አከርካሪ የሷ መልስ ነው። ቀስ ብላ፣ ሳትመጻደቅ ጻፈች። ስኳር በቀዝቃዛ ወይን ውስጥ እሺ ብሎ አይሟሟም፤ ለዚህ ነው ከታች የተቀመጠብኝ። ሁለት ኩባያ ስኳር በሁለት ኩባያ ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ሽሮፑን እየቀመሱ መጨመር ነው። ብርቱካኑ ከነልጣጩ በደንብ ይታጠብና በስሱ ይቆረጣል። ሽታው ያለው ልጣጩ ላይ ባለው ዘይት ነው፤ አልኮሉም ያንን ያወጣዋል። ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ግን ይመራል፤ ስለዚህ ወፍራም ቁራጭ አይገባም። ወይን፣ ብርቱካንና ሎሚ ማታ ተዘፍዝፈው ፍሪጅ ውስጥ ያድራሉ። ውጭ ማሳደር አይታሰብም፤ በድሬ ሌሊት ፍራፍሬው ለብቻው ሌላ ሥራ ይጀምራል። ጋዝ ያለው ውሃ የሚገባው እንግዳው ወንበር ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ ጋዙ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልመለሰችም። ሙቀቱን።

ከ7 እስከ 12። ስድስት መልስ ስለ ስሙ ሄደ። 7ኛው ይህ ነገር ሳንግሪያ እንጂ ፓንች እንዳልሆነ በቁጣ ጻፈ። 8ኛው ሳንግሪያ የስፔንና የፖርቱጋል መጠጥ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት በዚያው በኅብረቱ ገበያ ከሁለቱ አገሮች ውጭ የተሠራ መጠጥ በዚህ ስም ብቻ ሊሸጥ እንደማይችል አስረዳ። ስሙም ደም ከሚለው የስፔን ቃል ጋር የተያያዘ ነው፣ ከቀለሙ የተነሣ። 9ኛው ታዲያ ቀለበቱ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ተቆጣጣሪ ተጠርቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። 10ኛው ፓንች የሚለው ስም በሕንድ ቋንቋ አምስት ከሚለው ቃል እንደመጣ እንደሚነገር ጻፈ፤ አምስቱም አረቄ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውሃና ቅመም ናቸው። 11ኛው በዚህ ሒሳብ ሻይም አንድ የጎደለው ፓንች ነው አለ። 12ኛው ሁላችሁም ሥራ ፈት ናችሁ አለ። እኔ ፓንች ብያለሁ፣ ፓንች ይባላል።

13። ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው፣ ጉደር በኮካ አለ አይደል ያለ ሰው መጣ። ብዙ ላይክ አገኘ። 14ኛው አትሳቁበት አለ፤ ስፔን ውስጥ ያሉት ባስኮች ቀይ ወይንና ኮካ እኩል በእኩል ቀላቅለው ካሊሞቾ ብለው እንደሚጠጡ ነገረን። አባቱ ምድር ባቡር ሲሠሩ ወይን በአምቦ ይጠጡ እንደነበር ጨመረና፣ ከዚያ ወደ ባቡሩ ገባ። ሐዲዱ በ1895 ድሬ ሲደርስ ከተማዋ ገና እየተቆረቆረች እንደነበር፣ ከዚራ መንገዷ ለምን እንዲህ ቀጥ እንዳለ፣ ፈረንሳዮቹ፣ ግሪኮቹ፣ አርመኖቹ፣ የመኖቹ። ረጅም ነው። ግን ግቡና አንብቡት፣ ክሩ ውስጥ ካለው ሁሉ በፍቅር የተጻፈ እሱ ነው።

ከ15 እስከ 18። የቱ ወይን? 15ኛዋ አክሱማይት አለች፤ ጣፋጭ ስለሆነ ሽሮፑ ይቀንሳል። 16ኛው ጉደር አለ፤ ስኳሩን ራስሽ መመጠን ትችያለሽ፣ የሎሚውም ኮምጣጣነት ይወጣል። 17ኛው ከዝዋይ የሚመጣውን ውድ ወይን ባልዲ ውስጥ መድፋት ኃጢአት ነው አለ። 18ኛዋ መለሰችለት፦ ውድ አይግባ፣ ግን የተበላሸ ወይን በፍራፍሬ አይድንም፤ ለብቻው የማትጠጪውን ባልዲ ውስጥ አትክተቺ። እኔ በ16ኛው ሄድኩ። አክሱማይት በዚያ ሙቀት ከሽሮፕ ጋር ሲሆን ያው የአክስቴ ሳል መድኃኒት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

19። ቀፊራ ገበያ ጠዋት በ1 ሰዓት ሂጂ የሚል ምክር ነው። ብርቱካን ስትመርጪ መልኩን ሳይሆን ክብደቱን እዪ፣ በእጅሽ መዝነሽ ከበድ ያለውን አንሺ። የኤረር ብርቱካን ካገኘሽ ሌላ አትፈልጊ። 20ኛው ሙዝና ፓፓያ ወይን ውስጥ ማን አስገባ ብሎ ጮኸብኝ። ቆይ፣ አምኛለሁ እኮ! ለስላሳ ፍሬ ይፈርሳል፣ ሐብሐብም ያው ነው፤ ከተፈለገ ሊቀርብ ሲል ይገባል። 21ኛዋ ዘይቱን (ጓቫ) አለች፤ በስሱ ተቆርጦ ሁለት ፍሬ ብቻ፣ ለሽታው። ሁለት ብቻ ያለችው ምክንያት አላት። ከዚያ ካለፈ ፓንቹ ሁሉ ዘይቱን ዘይቱን ይላል። ሞከርኩት፣ እውነቷን ነው።

22። እዚህ ላይ ድምፅ ከፍ አለ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ ያለ ሰው፣ መጠጡን ያበላሸው ሙዙ ብቻ ሳይሆን ድስቱም እንደሆነ ጻፈ። ወይንና ሎሚ አሲድ ናቸው፤ አሉሚኒየም ውስጥ ሲቆዩ ከብረቱ ጋር ይሠራሉ፣ ጣዕሙም ብረት ብረት ይላል። ስቲል፣ ብርጭቆ፣ ወይም ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ መሆን አለበት። 23ኛው እናቱ 40 ዓመት ሙሉ ቲማቲም በአሉሚኒየም ድስት እንደሠሩ፣ ማንም እንዳልሞተ ጻፈና መምህሩን በጎግል የተማረ አለው። 24ኛው ራሱ መምህሩ ነው። ግማሽ ሰዓት ማብሰልና ስምንት ሰዓት መዘፍዘፍ አንድ እንዳልሆነ፣ ደግሞም ስለ ሞት ማንም እንዳላነሣ፣ ስለ ጣዕም ብቻ እንደተናገረ በእርጋታ መለሰ። ከዚያ በእርጋታም ቢሆን 23ኛውን አንድ ቀላል ሙከራ አዘዘው፦ አንድ ብርጭቆ ወይን በሎሚ አሉሚኒየም ውስጥ፣ አንድ ብርጭቆ ስቲል ውስጥ፣ ማሳደርና ዓይን ጨፍኖ መቅመስ። 23ኛው ሙከራውን ይሥራ አይሥራ አልነገረንም።

25። ሐረር፣ ጁገል ጥግ የምትኖር ሴት ናት። የሷ በረዶ ሦስት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የኔ ለምን እንደቀለጠ እንዳልገባት ጻፈች። 26ኛው ሳቀባት። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ድሬ 1,200 ገደማ ላይ ናት። ከሐረር ወደ ድሬ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ጃኬቱን ያላወለቀ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሐረር አሠራር ለድሬ አይሆንም የሚለው ይኸው ነው። የቀረውም ከውጭ የሚመጣ አሠራር ሁሉ እንደዚያው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፤ የተጻፈውን ቃል በቃል እከተል ነበር፣ የጻፈው ሰው ግን ከዚራ ላይ አልቆመም።

27። እንግዲህ መፍትሔው መጣ። የጻፈው ስሙን እንኳ ያላስገባ ሰው ነው፣ ሦስት መስመር ብቻ። በረዶ መጠጡ ውስጥ አታስገቢ። ማንጎውን ቆራርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አድርጊው፤ በረዶሽ እሱ ነው፣ ሲቀልጥም ማንጎ እንጂ ውሃ አይሆንም። ከዚያ የመጠጡን ዕቃ ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፣ ዙሪያውን በረዶ ሙዪ፣ በረዶው ላይ ጨው በትኚ።

28ኛው ጨው ምን ልታጣፍጪበት ነው ብሎ አፌዘ። ሳፋው ውስጥ እንጂ መጠጡ ውስጥ እንዳልተባለ እንኳ አላነበበም። 29ኛው እንደገና የኬሚስትሪው መምህር ነው፤ ጨው የነካው በረዶ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ እንደሚቀልጥ፣ ሲቀልጥም ከዕቃው ሙቀት እንደሚስብ፣ ድሮ አይስክሬም በእጅ ሲሠራ በዚሁ እንደነበር አስረዳ። 30ኛው ከመጋላ ነው። መብራት ሲሄድ ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። እናቱ ፍሪጅ ሳይኖራቸው እንስራውን በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው ንፋስ ያለበት ጥላ ሥር ያስቀምጡት ነበር። ውሃው በሸክላው እየላበ፣ ጆንያውም እየደረቀ፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ወይን ግን እንስራ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ የጠላ ትዝታ አለበት አለ። ጠርሙሶቹን በረጠበ ጨርቅ መጠቅለልም ያው ይሠራል።

31። ያቺው የሐረሯ ሴት ተመለሰች። ጎረቤቶቿ ግማሾቹ አልኮል እንደማይጠጡ፣ ድግስ ላይ ለነሱ ሁልጊዜ የሚቀርበው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ እንደሆነ፣ ለነሱም እንደዚሁ ቆንጆ ነገር ማሰብ እንደሚቻል ጻፈች። 32ኛው ርእሱ ወይን ነው፣ ሃይማኖት ሌላ ቦታ አለው ብሎ ዘጋት። ክሩ ላይ በጣም የከፋው መልስ ይህ ነው። 33፣ 34 እና 35 አልለቀቁትም። አንደኛው ድሬ ተወልዶ ይህን የሚል ሰው ገጥሞት እንደማያውቅ ጻፈ። ሁለተኛዋ ከ40 እንግዳ 20ው የማይጠጣ ከሆነ ርእሱ የነሱም ነው አለች። ሦስተኛው የተሳደበውን ሰረዙበት፤ ምን እንዳለ እገምታለሁ።

36ኛዋ ሥራውን ሠራች። ከርከዴ። ውሃ ይፈላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ ከርከዴው ከቀረፋና ከአራት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር ይገባል፣ ይጠለላል፣ በስኳር ይጣፍጣል፣ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ያው ብርቱካን፣ ያው ማንጎ፣ ጋዝ ያለው ውሃ። ቀለሙ ወይን ነው፣ ኮምጣጣነቱም አለ። ጭልፋውም ዕቃውም ለብቻ ይሁን ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈች። ከወይኑ የወጣውን ፍራፍሬ ልጅ እንዳይበላ ጠብቂ፣ አልኮሉን ጠጥቶታል አለች።

37። ሒሳብ የሚወድ ሰው። ስድስት ጠርሙስ 12 በመቶ ወይን አራት ሊትር ተኩል ነው። አንድ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ ሁለት ሊትር አምቦ ወይም ባቢሌ፣ ግማሽ ሊትር ሽሮፕ ሲጨመር ስምንት ሊትር ይሆናል፤ ጥንካሬው 7 በመቶ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ለሃያ ጠጪ ሁለት ሁለት ብርጭቆ። 38ኛው አንድ ጠርሙስ ጂን ጨምሪበት አለ። 37ኛው ወዲያው ቆጠረለት፦ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፣ ግን በጭማቂው ተደብቆ ማንም አይሰማውም፣ በሙቀት ደግሞ ሰው እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ጂኑ ቀረ። ድግሱ ላይ አያቴ አሉ፣ በዚያ ላይ ወደ ቤት የሚመልሰን ባጃጅ ነው።

39። ከበርጫ ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ይህን ለጨብሲ ይጠቀምበታል ወይ የሚል ጥያቄ። ማንም አልመለሰም፣ ሁሉም ግን ላይክ አደረገ። 40ኛው የተረፈውን ፍራፍሬ ግቢ ውስጥ ደፍቶ የጎረቤት ፍየል በልታው ግድግዳ ተደግፋ እንደቆመች ማለ። ወላሂ ብሎ ነው የማለው፤ እኔ ግን ግድግዳው ላይ አላመንኩትም። 41ኛው ሐረር ላይ ቢሆን ለጅብ ይሰጥ ነበር አለ።

42። የኔ ነው። ድግሱ አለፈ። ወይኑን ማታ በስቲል ዕቃ ዘፈዘፍኩ። ማንጎው ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሆነ። ሳፋው በረዶና ጨው ተሞላ። በ12 ሰዓት አቀረብኩ፣ በ1 ሰዓት መብራት ሄደ፣ በ3 ሰዓት ወይኑ ገና ቀዝቃዛ ነበር። አክስቴ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ምንም አላለችም፤ እሷ ዝም ስትል ወደደችው ማለት ነው።

አንድ ስሕተት ሠራሁ። ከርከዴውና ወይኑ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመልክ አይለዩም። ዕቃውም ጭልፋውም ለብቻው ነው፣ ግን ሻማ በርቶ ማን ያያል? አንድ ጎረቤታችን ጭልፋውን ወይኑ ውስጥ ሊያስገቡ ሲሉ እህቴ ሮጣ ደረሰች። ከርከዴውን ወዲያው ጆግ ውስጥ ገልብጬ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ወሰድኩት። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነው። ደግሞ ቀድሞ ያለቀው ከርከዴው ነው። ወይን የሚጠጡትም እየተነሡ ሄደው ከዚያ ይቀዱ ነበር።

43። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? 32ኛው። ርእሱ ወይን ነው ያለው ሰውዬ። ሰላምታም ይቅርታም የለም። እናቱ ስኳር እንዳለባቸው፣ ከርከዴው ስንት ደቂቃ ውሃው ውስጥ እንደሚቆይ፣ ያለ ስኳርስ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀ።

44። አሥር ደቂቃ አልኩት፤ ከዚያ በላይ ከቆየ በጣም ይኮመጥጣል። ያለ ስኳርም ይጠጣል፣ ብርቱካኑን ግን ትንሽ ቀንስላቸው፣ እሱም የራሱ ስኳር አለው። እናትህን ሰላም በልልኝ።